የማይታይ ሥራ ደመወዝ

ደመወዝ የድካም ዋጋ ነው እየተባልን አድገናል። ድካሙ ፍሬ ሆኖ በዐይን ለሚታይለት ሰው ነገሩ አያስቸግርም፤ ግንበኛ ግድግዳውን፣ ሐኪም የዳነውን ሕመምተኛ ያሳያልና። ሥራው በደኅና በተሠራ ቀን አንዳች የሚታይ ነገር የሌለው ሰው ግን ዋጋው በምን ይለካ? በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች ውስጥ የሚሠራው የሕክምና መሣሪያ መሐንዲስ፣ በተለምዶ ባዮሜዲካል ኢንጂነር የሚባለው፣ ከእነዚህ ሰዎች አንዱ ነው።

ምሳሌ እናምጣ። ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር የሚባለው መሣሪያ የክፍሉን አየር ስቦ፣ ናይትሮጂኑን ዜኦላይት በሚባል ማዕድን ላይ እያስቀረ፣ ከመቶ 90 እጅ በላይ የሆነ ኦክስጅን ለሕመምተኛው ይልካል። ዜኦላይቱ እርጥበት የጠጣ እንደ ሆነ ናይትሮጂኑን መያዝ ይሳነዋል። ሞተሩ ግን እንደ ወትሮው ያጉረመርማል፤ የፍሰት መለኪያው ኳስም ከቦታዋ አትነቃነቅም። የማስጠንቀቂያው ደወል ተበላሽቶ ከሆነ ነርሷ ጉድለቱን በምን ታውቃለች? መለኪያ ይዞ ከአልጋ አልጋ የሚዞር ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሰው ነገሩን በጊዜው ደርሶበት ሕፃኑ በሰላም ቢያድር፣ ወላጆቹ የሚመርቁት ሐኪሙን ነው። ለሐኪሙም ምርቃት አይበዛበትም።

ወደ ገንዘቡ እንመለስ። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚቀጠር ሰው መነሻ ደመወዙ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ እንዲል ተደርጓል። ጭማሪው የሚናቅ አይደለም፤ ሆኖም በዚህ ከተማ ከኪራይና ከጤፍ የሚተርፈውን ደመወዝተኛ አንባቢያችን ያውቀዋል። በአሜሪካ በ2023 እ.ኤ.አ. የባዮሜዲካል ኢንጂነር መካከለኛ የዓመት ደመወዝ ከ100,000 ዶላር በላይ እንደ ነበረ እየጠቀሱ የሚያዝኑ አሉ። ማነጻጸሩ ብዙ አይረዳም፤ የኑሮው ውድነት ሌላ ሆኖ ሳለ፣ እዚያ ይህ ስም የሚሰጠው በአብዛኛው መሣሪያውን ለሚፈለስፈው እንጂ ለሚጠግነው አይደለም። ይልቅስ ቅርብ ያለውን እንይ።

ጭማሪው በተነገረ ሰሞን አንድ የዘመድ ልጅ ሊያማክረን መጣ። በአንድ ሆስፒታል ስድስት ዓመት ሠርቷል፤ መሣሪያ አስመጪ የሆነ ድርጅት እጥፍ ደመወዝ ሊሰጠው ጠይቆታል። ሥራው ያንኑ መሣሪያ መጠገን ነው፤ ልዩነቱ ሆስፒታሉ በውል እየከፈለ የሚያስጠራው መሆኑ ብቻ ነው። እኛም ስለ ወገንና ስለ አደራ ብዙ ተናገርን። እርሱም አንገቱን ደፍቶ ካዳመጠ በኋላ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ይህ ጭማሪ ቢቀርብዎት ለወገን ብለው ዝም ይሉ ነበር?» አለን።

መልስ አጣን። ያጣንበትም ምክንያት፣ ከዚያ በፊት በሥራ ደረጃ መዳቢ ኮሚቴ ተቀምጠን፣ እንዲህ ያለውን ሥራ በዲፕሎማና በበታች ሠራተኛ ብዛት መዝነን የፈረምን እኛው ስለ ሆንን ነው። በቅጹ ላይ «ያልደረሰ ጉዳት» የሚል ዓምድ አልነበረም፤ እንዲጨመርም አልጠየቅንም። አደራን ከሌላው የሚጠብቅ ሰው፣ አደራውን ለመወጣት የሚያስችለውን ስንቅ የማቀበል ዕዳ አለበት ብለን የምናምነው ከዚያ ወዲህ ነው።

እንዲህ ከሆነ የቀዶ ጥገናውን ክፍል የምታጸዳው ሴትስ? ቁስል እንዳያመረቅዝ የምታደርግ እርሷም አይደለችምን? ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ናት። ለእርሷም ዕዳ አለብን ማለት ግን ለእርሱ ያለብንን አይሰርዝም። ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለው ከባድ ጥያቄ ነው፤ መነሣት የነበረበትም በዚያ ኮሚቴ ውስጥ ነበር።

ወጣቱ በኅዳር ለቀቀ። የየመሣሪያውን የፍተሻ ቀን የጻፈበትን ደብተር በጠረጴዛው መሳቢያ ትቶ ሄዷል፤ የሚረከበው ሰው እስካሁን አልተቀጠረም።