የክት ሥዕል

እናቶቻችን ልብስን ለሁለት ይከፍሉታል፤ የዘወትርና የክት። የዘወትሩ ገበያ ይወጣል፣ እንጨት ይለቀምበታል፣ ጭስ ይጠጣል፣ ያልቃል። የክቱ ሳጥን ውስጥ ይተኛል። ለጥምቀት ወይም ለሠርግ ብቅ ይልና ተመልሶ ይታጠፋል። ልብስ እንዲህ መከፈሉን ማንም አይቃወምም። ሥዕልስ? ሥዕል የክት ሊሆን ይገባዋልን? ሰሞኑን በመኝታ ክፍላችን እስከ እኩለ ሌሊት ያጨቃጨቀን ይኸው ጥያቄ ነው።

ነገሩን ያመጣብን ስለ እንግሊዛዊው ሠዓሊ ተርነር ሲያነብ የሰነበተ ጓደኛችን ነው። ሄንሪ ቮን የሚባል የለንደን ሀብታም ነበረ፤ ሀብቱ አባቱ በባርኔጣ ሥራ ያፈራው ነው። ይህ ሰው የተርነርን የውሃ ቀለም ሥዕሎች ሲሰበስብ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1899 ሞተ። በኑዛዜው 38ቱን ለኤድንበርግ፣ 31ዱን ለደብሊን የሥዕል ቤት ሰጠ። ሲሰጥ ግን በቃል አስሮ ነው፦ ሥዕሎቹ ሁሉ በአንድ ላይ፣ ያለ ክፍያ፣ በጃንዋሪ ወር እንዲታዩ። ሁለቱ ቤቶች ይህን ቃል ልማድ አድርገውት፣ ከሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጀምሮ ጃንዋሪ በመጣ ቁጥር የተርነር ሥዕሎች ይሰቀላሉ፤ ወሩ ሲያልቅ ይወርዳሉ።

ለምን ጃንዋሪ? በዚያ ወር የሰሜን ፀሐይ አቅም የላትም። በኤድንበርግ የወሩ መጀመሪያ ቀን ርዝመቱ ሰባት ሰዓት ያህል ብቻ ነው። የውሃ ቀለም በወረቀት ላይ ስስ ሆኖ የተነጠፈ ነገር ስለሆነ ብርሃን ይበላዋል። ራስልና አብኒ የተባሉ ሁለት ሳይንቲስቶች ይህንኑ መርምረው እ.ኤ.አ. በ1888 ሪፖርት አቅርበዋል። ክፋቱ ጉዳቱ ይጠራቀማል። ዛሬ የደረሰበት፣ ነገ ጨለማ ውስጥ ስላረፈ አይሽርም። እንግዲህ እዩት ልብ በሉ፦ ሥዕሉን እንድናየው የሚያደርገን ያው ብርሃን ነው የሚያጠፋው። አንድ ሰው ባየው ቁጥር ከሌላው ድርሻ ይቀነሳል ማለት ነው፤ ሌላው ሰው ደግሞ ገና ያልተወለደ ሊሆን ይችላል።

ሂሳብ የሚወደው ጓደኛችን ወረቀት አወጣ። ከ1901 እስከ 2025 ያሉት ጃንዋሪዎች 125 ናቸው። በሙሉ ቢታዩ እንኳ 125 ወር፣ ማለት አሥር ዓመት ከአምስት ወር ነው። ዓመቱን ሙሉ ቢሰቀሉ ኖሮ ይኸው ብርሃን 1911 ሳይጋመስ አልቆ ነበር። «ታዲያ ምን ትፈልጋላችሁ? እኛ ደርሰን ልናየው የምንችለው ሰውየው ስለቆጠበው አይደለም እንዴ?» አለን። እውነቱን ነው፤ ለጊዜው ዝም አሰኘን።

ዝምታው ግን አልቆየም። በመጀመሪያ፣ ሠዓሊው ራሱ እንዲህ አልሳሳም። ዊንሰር የተባለው የቀለም ነጋዴ፣ ቶሎ የሚለቁ ቀለሞችን ለምን ትገዛለህ ብሎ ቢወቅሰው ተርነር አንተን አያገባህም ብሎ እንደመለሰለት ይነገራል። ለእሱ ሥዕሉ የዘወትር ነበር፤ የክት ያደረጉት ሌሎች ናቸው። ሁለተኛ፣ ዛሬ መስኮት ጋርዶ፣ መብራቱን 50 ሉክስ ላይ አድርጎ በጁላይም አንድ ወር ማሳየት ይቻላል። ስለዚህ አሁን ጃንዋሪ የፊዚክስ ነገር መሆኑ ቀርቷል፤ ለሞተ ሰው የተገባ ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ2025፣ ተርነር በተወለደ በ250 ዓመቱ፣ ደብሊንና ኤድንበርግ ስብስቦቻቸውን ተለዋውጠው አሳይተዋል። ያኔም ቢሆን ከጃንዋሪ አልወጡም።

ሦስተኛው ነጥብ እኛን ይበልጥ አስጨነቀን። ቮን በሕይወቱ ሳለ ቁልፉ በእጁ ነበር፤ ባሰኘው ወር ሥዕሎቹን አውጥቶ ማየት ይችል ነበር። አሥራ አንዱ ወር የተዘጋው ሥዕሉ የሕዝብ ከሆነ በኋላ ነው። ቁጠባ ለምን ሁልጊዜ ድሃው በር ላይ ሲደርስ ይጀምራል? እንዲህ ብለን ልንፈርድበት ስንል ኑዛዜውን እንደገና አሰብነው። «ያለ ክፍያ» ይላል። «ሁሉም በአንድ ላይ» ይላል። ተመርጦ ለተመረጠ ሰው የሚታይ ነገር አላስቀረም። የኤድንበርግ ቀን ሠራተኛም ሆነ ሎርዱ ያንኑ ጃንዋሪ ይጠብቃሉ።

ይኸኔ የራሳችን ነገር መጣ። ከመካከላችን አንዷ ለጥናቷ አንድ የብራና መጽሐፍ ለማየት ወደ አንድ ቤት ሄዳ ነበር (ስሙ ይቆየን)። «ሲገለጥ ይጎዳል» ተብላ ተመለሰች። ደኅና፣ ይጎዳል፤ አምና ተመለሰች። በሳምንቱ ያው ብራና ለእንግዶች ወጥቶ፣ ተገልጦ፣ ከነፍላሹ ፎቶግራፍ ሲነሣ አየች። ያን ቀን ያለቀሰችው መጽሐፉን ስላላየች አይመስለንም።

ስለዚህ የደረስንበት ይህ ነው። ጥያቄው ሥዕሉ ስንት ወር ይታይ አይደለም፤ ክልከላው በማን ላይ ነው የሚያርፈው ነው። ጥምቀት የሚውለው በዚያው በፈረንጆቹ ጃንዋሪ ነው። ታቦቱ በከተራ ሲወጣ ተሸፍኖ ነው፤ ባለሥልጣኑም ለማኙም የሚያዩት ያንኑ መጎናጸፊያ ነው። በዚህ ተበድያለሁ ያለ ሰው ሰምተን አናውቅም። ለሁሉም እኩል የተዘጋ ነገር ለገና ያልተወለደው የምናዋጣው መዋጮ ነው፤ እኛም ከኪሳችን እናወጣለን። ለእንግዳ ተከፍቶ ለእኛ የሚዘጋው ግን፣ ምንም ያህል የሳይንስ ምክንያት ቢደረደርለት፣ ቁጠባ አይባልም። ኤድንበርጎች ከጃንዋሪ ወደ ጁላይ ቢያዛውሩት አንከፋም፤ ለቲኬት ቢያደርጉት ግን የሟቹን ቃል ያኔ አፈረሱ እንላለን።

አንዱ ጓደኛችን እስካሁን አልተስማማም። አያቱ ሲያርፉ የክት ቀሚሳቸው ከሳጥን ወጣ። ጥለቱ እንደ አዲስ ነበር። ሸማው ግን እጥፋት እጥፋቱን ይዞ ቢጫ ሆኗል፤ ሲዘረጉት በዚያው መስመር ተተረተረ። በሕይወታቸው ስንት ጊዜ ለብሰውት እንደነበር ቤተ ዘመዱ ሊቆጥር ቢሞክር ከአራት አላለፈም።