የሕፃን ጆሮና የባልንጀራ ድርሻ

ሕፃናቸው ጆሮውን ታሞ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ ያደረባቸው አባትና እናት፣ ገና ሳይነጋ ወደ መድኃኒት ቤት ሲገሠግሡ በልባቸው የሚመላለሰው፣ ይህን ሥቃይ ፈጥኖ የሚያርቅልን የቱ ነው የሚለው ብቻ ነው። ይህም ከወላጅ ፍቅር የሚመነጭ ጥያቄ ስለ ሆነ የሚነቀፍበት ምክንያት የለም። ነገር ግን ከእርሱ በስተኋላ፣ ልጁ ተኝቶ ቤቱ ጸጥ ካለ በኋላ ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ለልጄ ስል የማጠጣው መድኃኒት፣ የማላውቀው የሌላ ሰው ልጅ ነገ የሚድንበትን ኃይል የሚቀንስ ቢሆን፣ ፍቅሬ ከፍትሕ ጋር የሚስማማው እንዴት ነው? ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ፣ አሞክሲሲሊንንና ክላቩላኒክ አሲድን በአንድነት የያዘውና በብዙ ቤት ኦግመንቲን በሚባል ስሙ የሚታወቀው የሕፃናት ሽሮፕ ነው።

መድኃኒት መውሰድ የእምነት ማነስ ነው ለሚሉት ወገኖች ብዙ መመለስ አያሻም። ቤተ ክርስቲያናችን ከቅዱሳት መጻሕፍት የምትቈጥረው መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ስለ ሐኪም ክብርና መድኃኒት ከምድር ስለ መገኘቱ በሰፊው ያስተምራል፤ በዘመናችንም ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት እርስ በርሳቸው እንደማይቃወሙ ለምእመናን በግልጥ ተናግረዋል። ሲራክ ስለ ምድር የተናገረውም በዚህ ሽሮፕ ላይ በቃሉ ልክ ተፈጽሞ ይታያል፤ ክላቩላኒክ አሲድ ስትሬፕቶማይሲስ ክላቩሊጌሩስ ከሚባል፣ በአፈር ውስጥ ከሚኖር ረቂቅ ፍጥረት የተገኘ ነውና።

አሞክሲሲሊን የፔኒሲሊን ወገን ሲሆን፣ ባክቴሪያው የሚኖርበትን ቅጥር እንዳይሠራ በመከልከል ይገድለዋል። ከመካከለኛው ጆሮ ሕመም መንሥኤዎች መካከል ሂሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛና ሞራክሴላ ካታራሊስ የተባሉት ግን ብዙ ጊዜ የመድኃኒቱን አካል የሚሰብር ኤንዛይም ያመነጫሉ። ክላቩላኒክ አሲድ ብቻውን የሚገድለው ባክቴሪያ እጅግ ጥቂት ነው፤ ሥራው ያን ኤንዛይም ይዞ፣ ከእርሱም ጋር ራሱ ጠፍቶ፣ ለአሞክሲሲሊን መንገድ መክፈት ነው። ሁለቱ ተጣምረው እ.ኤ.አ. በ1981 ለሕክምና በዋሉ ጊዜ እንደ ታላቅ በረከት መቈጠራቸው የተገባ ነበር። ይሁን እንጂ ከመንሥኤዎቹ ሁሉ ይልቅ የሚፈራው ስትሬፕቶኮከስ ኒሞኒያ መድኃኒትን የሚቋቋመው በኤንዛይም አይደለም፤ የገዛ ቅጥሩን አሠራር ለውጦ ነው፤ ስለዚህ እርሱን የሚያሸንፈው ከፍ ያለ የአሞክሲሲሊን መጠን እንጂ የክላቩላኒክ አሲድ መጨመር አይደለም። ጥምሩን መድኃኒት በጠቅላላው ጠንካራው ብሎ መጥራትና ከመጀመሪያው እርሱን መሻት ከዚህ የተነሣ ስሕተት ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ አሞክሲሲሊንን ብቻውን አስቀድሞ፣ ጥምሩን ሕፃኑ ባለፉት 30 ቀኖች አሞክሲሲሊን የወሰደ እንደ ሆነ፣ ወይም ከጆሮው ጋር ዓይኑ መግል የያዘ እንደ ሆነ፣ ወይም በአሞክሲሲሊን ታክሞ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ ያልተሻለው እንደ ሆነ እንዲሰጥ ያዝዛል።

የፔኒሲሊን አግኚ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ባሰማው ንግግር አንድ ምሳሌ ተናግሮ ነበር። ጉሮሮውን የታመመ ባል ፔኒሲሊን ገዝቶ ባክቴሪያዎቹን ለመግደል የማይበቃ፣ መቋቋምን ለማስተማር ግን የሚበቃ መጠን ይወስዳል፤ ቀጥሎ ሕመሙ ወደ ሚስቱ ይተላለፋል፤ እርስዋ የሳንባ ምች ይዟት በፔኒሲሊን ብትታከምም መድኃኒቱ አልሠራ ብሎ ትሞታለች። ፍሌሚንግም ለሞትዋ ተጠያቂው ማን ነው ብሎ ጠይቆ፣ መድኃኒቱን በቸልታ የወሰደው ባልዋ መሆኑን ፈረደ። የፈጠራ ታሪክ ነው፤ ሆኖም ስለ ኃጢአትና ስለ ኅሊና ከተነገሩ ብዙ ስብከቶች ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ይህ ነው። ያ ሰው ሚስቱን አልጠላም፤ ሊገድላትም አላሰበም፤ የሠራው ሥራ በዓይኑ ፊት ራሱን ከማከም በቀር ሌላ መልክ አልነበረውም።

የሥነ ምግባር ሊቃውንት በደልን ሲመረምሩ በዳዩንና ተበዳዩን ለይተው፣ በመካከላቸው የተደረገውን መዝነው ይፈርዱ ነበር። በዚህ ነገር ግን በዳዩ ክፉ ፈቃድ የለውም፤ ተበዳዩም ምናልባት ገና አልተወለደም፤ ጉዳቱም በብዙ ሺሕ ቤቶች በየጥቂቱ ከተሠራ ሥራ የተጠራቀመ ስለ ሆነ ማንም ይህ የእኔ ድርሻ ነው ብሎ ለይቶ ሊያሳይ አይችልም። ድርሻው ተለይቶ ስላልታየ ግን ዕዳው ተሰረዘ ማለት አይደለም። በሉቃስ ወንጌል 10ኛው ምዕራፍ የተነገረለት ሳምራዊ በመንገድ የወደቀውን ሰው አይቶ አዘነለት፤ እኛ ግን ሳናይ እንድናዝን ተጠይቀናል፤ ይህም ከእርሱ የበለጠ ልቡናን የሚሻ ምሕረት ነው ብዬ አምናለሁ። ደግሞም ያ የማይታየው ባልንጀራ ሁልጊዜ ሩቅ አይደለም፤ ከ30 ቀን በፊት አሞክሲሲሊን የጠጣ ሕፃን መድኃኒቱን የሚቋቋሙ ባክቴሪያዎች በአፍንጫውና በጉሮሮው ሊሸከም ስለሚችል፣ ፊተኛው ተጎጂ ራሱ፣ ሁለተኛውም አብሮት የሚተኛው ወንድሙ ይሆናል።

ይልቁንም የሚያጽናናው፣ ለሕፃኑ ደኅና የሆነው መንገድ በአብዛኛው ለባልንጀራውም ደኅና መሆኑ ነው። መጠኑ የሚሰላው በዕድሜ ግምት ሳይሆን በሰውነት ክብደት ነው፤ በዚያው በአሜሪካው አካዳሚ መመሪያ ለአንድ ኪሎ በቀን 90 ሚሊግራም አሞክሲሲሊን ከ6.4 ሚሊግራም ክላቩላኔት (ማለትም ክላቩላኒክ አሲድ) ጋር፣ በሁለት ጊዜ ተከፍሎ ይሰጣል። 12 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን እንግዲህ በቀን 1,080 ሚሊግራም አሞክሲሲሊንና 77 ሚሊግራም ያህል ክላቩላኔት ይደርሰዋል። ያንኑ አሞክሲሲሊን በ5 ሚሊሊትር ውስጥ 250 ሚሊግራም አሞክሲሲሊንና 62.5 ሚሊግራም ክላቩላኔት ካለው ሽሮፕ እናሟላ ብንል፣ ክላቩላኔቱ 270 ሚሊግራም ደርሶ ከተገቢው ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል፤ ሕፃኑም በተቅማጥ ሊሠቃይ ይችላል። ስለዚህ የጠርሙሱ ስም አንድ መሆኑ አይበቃም፤ በላዩ የተጻፉት ሁለቱ ቍጥሮች ሐኪሙ ካዘዘው ጋር መመሳከር አለባቸው። በውኃ የተበጠበጠው ሽሮፕ በማቀዝቀዣ ተቀምጦ፣ በየጊዜው ተነቅንቆ፣ በሻይ ማንኪያ ሳይሆን በስርንጅ ተለክቶ፣ ከምግብ ጋር ይሰጣል፤ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው የቀን ገደብ ሲያልፍም ይጣላል። ከዚህ በፊት ፔኒሲሊን ወስዶ ሰውነቱ ያበጠ ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሕፃን ፈጽሞ ሊወስደው አይገባም፤ ሲወስድ እንዲህ ያለ ምልክት የታየበትም መድኃኒቱ ቆሞለት ወዲያው ወደ ሐኪም ይሂድ።

ፍቅርና ፍትሕ በእውነት የሚለያዩ የሚመስሉት በመታገሥ ላይ ነው። ብዙው የጆሮ ሕመም ያለ አንቲባዮቲክ በጥቂት ቀን ይሽራል፤ ሕመሙ ያልጸናበት፣ ትኩሳቱ 39 ዲግሪ ያልደረሰ፣ ጆሮውም መግል ያላወጣ፣ ሁለት ዓመት የሞላው ሕፃን፣ ሐኪም አይቶት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ሊጠበቅለት ይችላል፤ ከ6 ወር በታች ያለ ጨቅላ ግን አይጠበቅበትም። ይህ መጠበቅ ልጅን ለሥቃይ መተው እንዳይመስለን፣ ፓራሲታሞል በልኩ ይሰጠዋል፤ ከጆሮው በስተኋላ እብጠት ቢታይ ወይም ጆሮው ወደ ፊት ቢገፋ፣ ትዕግሥቱ በዚያው ሰዓት ያበቃል። ወላጅ ልጁ እያለቀሰ እጁን መሰብሰቡ ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ ነገር ግን ያልተፈለገ መድኃኒት ለሕፃኑ ተቅማጥንና ሽፍታን እንጂ ሌላ ነገር ካላተረፈለት፣ የሰጠነው የራሳችንን ጭንቀት ለማስታገሥ ነበር ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሕግ ግን ተመልሶ መምጣት ለሚችል ሰው የተሠራ መሆኑን መሰወር ፍትሕ አይሆንም። ከሩቅ ቀበሌ ልጅዋን አዝላ ግማሽ ቀን በእግርዋ ተጕዛ ጤና ጣቢያ የደረሰችን እናት፣ ከሁለት ቀን በኋላ ተመለሺ ማለት አንዳንድ ጊዜ አትምጪ ከማለት አይለይም። የዓለም ጤና ድርጅት ለእንደዚህ ያሉ ስፍራዎች ባዘጋጀው የሕፃናት ሕክምና መመሪያ፣ ጆሮውን ለሚያመው ወይም ከ14 ቀን ላነሰ ጊዜ መግል ለወጣው ሕፃን አንቲባዮቲክ ለ5 ቀን እንዲሰጥ ያዘዘው ይህን መሰሉን ችግር በማየት ይመስለኛል፤ መግሉ 14 ቀንና ከዚያ በላይ ከቈየ ግን በዋናነት የሚያስፈልገው ጆሮውን በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅና የጆሮ ጠብታ እንጂ ሽሮፕ አይደለም። ለዚያች እናት አሞክሲሲሊኑን በልጅዋ ክብደት ልክ ሰፍሮ፣ አሰጣጡን በፊቷ አሳይቶ የሚሸኛት የጤና መኮንን፣ በከተማ ላለው ወላጅ ሁለት ቀን ታገሥ ከሚለው ሐኪም ያነሰ ለባልንጀራው አላሰበም።