ከሰዓቱ ጎን ምን ተቀመጠ?

ሁለት የቅንጦት የስፖርት ሰዓቶች በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠዋል እንበል። አንዱ የኦዴማር ፒጌ ሮያል ኦክ፣ ሌላው የፓቴክ ፊሊፕ ናውቲለስ ነው። ገዢው ለአንዱ የሚሆን ገንዘብ አለው። የቱን ይምረጥ? ጥያቄው የባለጠጋ ጨዋታ ይመስላል። ሆኖም ሰው ከመምረጡ በፊት ሳያስበው የሚያደርገውን አንድ ነገር ለማየት ጥሩ ምሳሌ ነው።

የሁለቱም ንድፍ የአንድ ሰው ነው። በጄኔቫ የተወለደው ዤራልድ ዤንታ ሮያል ኦክን በአንድ ሌሊት፣ ናውቲለስን ደግሞ ምግብ ቤት ተቀምጦ በጥቂት ደቂቃ እንደነደፈ ይናገር ነበር። የመጀመሪያው በ1972፣ ሁለተኛው በ1976 እ.ኤ.አ. ለገበያ ቀረቡ። ከማይዝግ ብረት ተሠርተው በወርቅ ሰዓት ዋጋ መሸጣቸው በጊዜው እንደ ድፍረት የሚቆጠር ነበር። ሮያል ኦክ ባለ ስምንት ማዕዘን ክፈፉን በስምንት ብሎኖች ይዞ ይታያል፤ ናውቲለስ እንደ መርከብ መስኮት ግራና ቀኝ ጆሮ አለው። የመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ሲከፈቱ ዝምድናው ይብሳል፤ የሁለቱም ማሽን መሠረት ዤገር ለኩልትር የሠራው አንድ ማሽን ነበር። አንድ እጅ ነደፋቸው፣ ውስጣቸውም አንድ ነበር ማለት ነው።

ታዲያ ልዩነቱ ይህን ያህል ካነሰ ምርጫው ለምን ወራት ይፈጃል? ምክንያቱ ራሱ የልዩነቱ ማነስ ነው። ብሎንን ከብሎን፣ የመደቡን ሰማያዊ ቀለም ከሌላ ሰማያዊ ማወዳደር አእምሮን ያዝናናል፣ ማንንም አያስቀይምም፣ መጨረሻም የለውም። በሚዛኑ በሁለቱም ወገን ያለው ሰዓት ስለሆነ የትኛውም ቢያደፋ የሚገዛው ሰዓት ነው። “የቱን?” የሚለው ጥያቄ “ለምን?” የሚለውን ውጦታል።

“ለምን?” ሲባል ጊዜ ለማወቅ ነው ብሎ መመለስ አይቻልም። የጃፓኑ ሴይኮ በ1969 እ.ኤ.አ. የኳርትዝ የእጅ ሰዓት ካወጣ ወዲህ፣ ዛሬ በጥቂት ዶላር የሚገዛ የባትሪ ሰዓት ከሁለቱም ይልቅ ሳይዛነፍ ይቆጥራል። ስለዚህ ሌሎች መልሶች ይመጣሉ። “ዋጋው አይወድቅም” ይባላል፤ ፓቴክ ተፈላጊውን የብረት ናውቲለስ መሥራት እንደሚያቆም በ2021 ሲታወቅ የገበያ ዋጋው ተተኮሰ፣ በ2022 ግን ተመልሶ ወረደ። “ለልጅ ይተላለፋል” ይባላል፤ ልጁ ግን ይፈልገው እንደሆነ የጠየቀው የለም። ከሁሉ የሚቀርበው እውነተኛ መልስ ደስ ስለሚል፣ ሥራው ስለሚያስደንቅና በሰው ዓይን ስለሚያስከብር ነው የሚለው ነው።

ሮያል ኦክ በወጣበት በ1972 አውስትራሊያዊው ፈላስፋ ፒተር ሲንገር ስለ ረሃብና ስለ ሀብት አንድ ድርሰት አሳተመ። ሕፃን ኩሬ ውስጥ ሲሰምጥ ያየ መንገደኛ ልብሱ በጭቃ ቢበላሽም ገብቶ ሊያወጣው ይገባል ይላል፤ ሕፃኑ በሩቅ አገር ቢሆንስ ግዴታው ለምን ይቀራል? ሲንገር ያደረገው በመሠረቱ ቀላል ነው። ከልብሱ ጎን ሌላ ልብስ ሳይሆን ሕፃኑን አስቀመጠ።

በዚያው ዓመት ወሎ ውስጥ ዝናብ ጠፋ። የተከተለውን ረሃብ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በ1973 በፊልም ለዓለም አሳየ። ፊልሙ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የታየው በ1967 ዓ.ም. የአዲስ ዓመት ምሽት ሲሆን፣ ደርግ በረሃብተኞቹ ምስል መካከል የቤተ መንግሥት ድግስ እያስገባ አቀረበው። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ድግሱም ረሃቡም እውነት ነበሩ። ከአሥር ዓመት በኋላ ሌላ ረሃብ አገሪቱን ሲመታ ግን ያው መንግሥት የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ አከበረ። በዚህ ጊዜ ሁለቱን ምስሎች ጎን ለጎን ማስቀመጥ አላስፈለገውም።

የሰው ልማድ እዚህ ላይ ይገለጣል። የሌላውን ድግስ ከረሃብ ጎን ያስቀምጣል፤ የራሱን ግን ከሌላ ድግስ ጎን። የጎረቤቱን ሰዓት ከድሃ ጉሮሮ ጋር ያመዛዝናል፤ የራሱን ሮያል ኦክ የሚያመዛዝነው ከናውቲለስ ጋር ነው። እንዲህ ሲታይ ሁሉም ሰው መጠነኛ ገዢ ነው።

ይህ ማለት ሁሉም ነገር ሁልጊዜ ከረሃብ ጎን ይቀመጥ ማለት አይደለም። እንደዚያ ቢሆን ላሊበላ አይፈለፈልም፣ ጥለት አይጠለፍም፣ በገና አይደረደርም ነበር። የአንድን ትንሽ ጥርስ ጠርዝ በእጁ የሚያለሰልስ ሠራተኛ ሥራም ክብር ይገባዋል። ሲንገር ክርክሩን እስከ ጫፍ ሲወስደው ለውበት የሚተርፍ ቦታ ማግኘት ያዳግታል። ከሰው የሚጠበቀው ግን ከዚያ ያነሰ ነው፤ ቢያንስ አንድ ሦስተኛ ነገር ጠረጴዛው ላይ እንዲቀመጥ መፍቀድ።

በዋሽንግተን ወይም በዱባይ ለሚኖር ኢትዮጵያዊ ይህ ሦስተኛ ነገር ሩቅ አይደለም። ስልክ የሚደውል ሰው ነው፤ የእናት ሕክምና፣ የወንድም የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የእህት የቤት ኪራይ ነው። በሌላ በኩል ሃያ ዓመት ሙሉ ሌሊት እየሠራ ለቤተሰብ የላከ፣ ለራሱ ግን አንድም ነገር ያላደረገ ሰው አለ። ይህ ሰው አንድ ቀን የሚወደውን ቢገዛ፣ ከሰዓቱ ጎን ያ ሃያ ዓመትም ሊቀመጥ ይገባዋል። ፍርዱ ለሁሉም አንድ አይሆንም።

አንድ መፈተኛ ግን ለሁሉም ይሠራል። ገዢው ለእህቱ “ሰዓት ገዛሁ፣ ዋጋውም ይህን ያህል ነው” ብሎ በስልክ መናገር ይችላል? ከቻለ፣ ሦስተኛውን ነገር አይቶ የወሰነ ሰው ነውና ሮያል ኦክም ሆነ ናውቲለስ ደስ ብሎት ይሰር። እጅጌውን ሰብስቦ ሰዓቱን እያሳየ ዋጋውን የሚደብቅ ከሆነ ግን አበው አስቀድመው ተናግረውለታል፦ እዩኝ እዩኝ ያለ ደብቁኝ ደብቁኝ ያመጣል። ያን ጊዜ ያስጨነቀው የብሎኑ ቅርጽ እንዳልነበረ ራሱም ያውቃል።