ይህ ቤት ለምን ተሠራ?

ሀብት ማፍራት በኢስላም የሚጠላ ተግባር አይደለም። ዘካ የሚሰጥ፣ ሐጅ የሚያደርግ፣ የቲም የሚያሳድግ ሰው አስቀድሞ ገንዘብ ማግኘት አለበት። በመሆኑም ወንድሞችና እህቶች ከቡናቸው፣ ከሱቃቸውም ሆነ ከደመወዛቸው ቆጥበው ቤት ሲሠሩና ሲያከራዩ ማየት ደስ ያሰኛል። ይሁን እንጂ ይህ ሥራ በአንድና በሁለት ዓመት የሚያልቅ አይደለም። አንድ ክፍል ዘንድሮ፣ አንድ ክፍል ለከርሞ እየተባለ ዐሥርና ሃያ ዓመት ይፈጃል። ለመሆኑ ሰው ይህን ሁሉ ጊዜ ሳይሰለችና ሐሳቡ ሳይበተን እንዴት ይዘልቃል?

አብዛኛውን ጊዜ የሚሰማው መልስ "ዋጋው ይጨምራል፤ በርታ" የሚል ነው። ይህ ምክር ሰውን ለሁለት ዓመት ሊያበረታው ይችላል፤ ለሃያ ዓመት ግን የሚበቃ አይመስለኝም። በኢሉባቦር ለዚህ ምስክር የምትሆን ከተማ አለች። እሷም ጎሬ ናት።

ጎሬ ከመቱ በስተደቡብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ራስ ተሰማ ናደው ኢሉባቦርን ሲገዙ መቀመጫቸው ነበረች። በ1894 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቅዶ ጋምቤላ ከተቋቋመች በኋላ የምዕራቡ ቡና በበቅሎና በሰው ጫንቃ ከጎሬ በቡሬ በኩል ቁልቁል እየወረደ፣ ክረምት ገብቶ ወንዙ ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ወደ ካርቱም ይጓዝ ነበር። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች ይነግዱባት ነበር፤ የእንግሊዝ ቆንስላም ነበረባት። በ1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሀገር ሲወጡ ራስ እምሩ መንግሥቱን ወክለው የቆዩት በዚህችው ከተማ ሲሆን፣ የጣሊያን ጦር የገባባት በኅዳር 1929 ዓ.ም. ነው።

እንግዲህ በ1920 ዓ.ም. ገደማ በጎሬ ቤት የሠራ አንድ ነጋዴ እናስብ። የቤቱ ዋጋ እንደሚያድግ ቢተማመን ማን ሞኝ ይለዋል? ቡና አለ፤ ወንዝ አለ፤ ገዥው አለ፤ ቆንስላው አለ። ነገር ግን ከአዲስ አበባ የሚመጣው የመኪና መንገድ ንግዱን ቀስ በቀስ ወደ ራሱ ሳበው። በ1948 ዓ.ም. ሱዳን ነፃ ስትወጣ የጋምቤላው የእንግሊዝ ይዞታ አበቃ። በደርግ ዘመን ደግሞ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማነት ከጎሬ ተነስቶ ወደ መቱ ወረደ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ በዚያ ነጋዴ እጅ የነበረ አንድም ነገር የለም። ከቤቱ ግድግዳ አንዲት ድንጋይ ሳትወድቅ ዋጋው ወደቀ።

በጎሬ ብቻ የሆነ ነው የሚል ካለ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም.ን ያስታውስ። በዚያ ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት አደረገ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ተፈቀደ፤ በከተማ ሊኖረው የሚችለው ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። በአንድ በኩል በውድ ኪራይ ሲንገላታ ለኖረው ተከራይ እፎይታ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። በሌላ በኩል ግን ጥርሱን ነክሶ ሦስት ክፍል ሠርቶ በኪራዩ ልጆቹን የሚያሳድግ ሰው ከባለ መቶ ቤቱ ጋር አንድ ላይ ታጨደ። ዛሬም ቢሆን በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። በሊዝ የሚወሰድ የመኖሪያ ቦታ ዘመኑ እስከ 99 ዓመት ነው። ባለቤቱ የኔ የሚለው በላዩ ያቆመውን ቤትና በቦታው የመጠቀም መብቱን ነው።

ታዲያ ዋጋን ብቻ እያየ የሚሠራ ሰው ልቡን ያሰረው በማያዝዘው ነገር ላይ ነው። ዋጋ ሲቆም እሱም ይቆማል። ዋጋ ሲሮጥ ደግሞ ከአቅሙ በላይ ይሮጣል። ሐላል ከሐራም መለየት የሚያዳግተውም ያን ጊዜ ነው። የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ከወለድ ነፃ መስኮቶችን ፈቅዷል፤ ከዚያም ዘምዘም ባንክ በ2013 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ ሥራ ጀምሯል። ስለዚህ "መንገድ የለም" የሚለው የድሮ ምክንያት ዛሬ እንደ በፊቱ አያስኬድም። ብዙ ጊዜ እንደሚታየው ሰው ወደ ወለድ ብድር የሚሮጠው ቤት አጥቶ ሳይሆን ጎረቤቱ ፎቅ የጀመረ ዕለት ነው።

እስቲ ወደ ሥራው እንመለስ። በኢሉባቦር ቤት የሚሠራ ሰው የመጀመሪያ ፈተናው ዝናብ ነው። ጎሬ በሀገራችን ብዙ ዝናብ ከሚያገኙ ከተሞች አንዷ ናት፤ በዓመት ወደ 2000 ሚሊ ሜትር ይዘንብባታል። ስለዚህ ጭቃ የሚመረገው፣ ቆርቆሮ የሚመታው ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ጥቂት ወራት ነው። የቡና ገንዘብ እጅ የሚገባውም በእነዚሁ ወራት ነው። ሠርግ የሚደገሰውም በእነዚሁ ወራት ነው! ዓመቱን ሙሉ የተለፋበት ገንዘብ በሦስት ወር ውስጥ መጥቶ በአንድ ወር ሊያልቅ ይችላል። ስለ ትኩረት የሚያወራ ሰው ስለዚህች አንዲት ወር ማውራት አለበት።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ለዚህ መላ አላጡም። እቁብ አንዱ ነው። ወለድ የለበትም፤ ሰው ለራሱ ከገባው ቃል ይልቅ ለእቁብተኛው የገባውን ቃል ያከብራልና እጅን ያስራል። ሌላው ገንዘቡን ቶሎ ወደ ዕቃ መለወጥ ነው። ብር እያደር ሲረክስ ያየ ሰው ቆርቆሮውን፣ ሚስማሩንና ብረቱን ገዝቶ ያስቀምጣል፤ ቆርቆሮ ለሠርግ አይበላም። ሲሚንቶን ግን በጎሬ እርጥበት ለከርሞ አቆያለሁ ያለ ሰው ለከርሞ ድንጋይ ነው የሚያገኘው። እንዲህ ያለው ልማድ ከማንኛውም የብርታት ንግግር የበለጠ ሰውን ያዘልቃል፤ ምክንያቱም ስሜቱ ሲቀዘቅዝም እቁቡ አይቀዘቅዝም።

ልማድ ግን አቅጣጫ አይሰጥም። አቅጣጫ የሚሰጠው ኒያ ነው። በዚህ ረገድ የዘካን ሕግ ልብ ብሎ ያየ ሰው አንድ የሚያስገርም ነገር ያገኛል። የሚኖርበት ቤት ዘካ የለበትም። የሚከራይ ቤት በብዙዎቹ ዑለማ ዘንድ ዘካው በሕንፃው ዋጋ ላይ አይታሰብም፤ ኪራዩ ተጠራቅሞ ኒሳብ ሲሞላና ዓመት ሲዞረው 2.5 በመቶ ይወጣለታል። ለሽያጭ የተያዘ ቤት ግን እንደ ንግድ ዕቃ ነው። በየዓመቱ በጊዜው ገበያ ተገምቶ 2.5 በመቶ ይወጣለታል፤ በማሊኪያ መዝሀብ ዋጋ እስኪጨምር አቆይቶ የሚጠብቅ ነጋዴ ሲሸጥ የአንድ ዓመቱን ብቻ ያወጣል የሚል አስተያየትም አለ። ቤቱ ያው አንድ ቤት ነው፤ ግድግዳውም ጣሪያውም አልተለወጠም። የተለወጠው ባለቤቱ "ለምን ሠራኸው?" ሲባል የሚሰጠው መልስ ነው። ሸሪዓው ባለሀብቱን ይህን ጥያቄ በየዓመቱ እንዲመልስ ያስገድደዋል። በኔ እይታ ለሃያ ዓመት የሚዘልቅ ብርታት የሚገኘውም ከዚሁ ጥያቄ ነው። "ለእናቴ ማረፊያ፣ ከዚያ ለሁለት ልጆቼ መማሪያ የሚሆን ኪራይ" ያለ ሰው ጎሬ ዋና ከተማ ሆነች አልሆነች ሥራው አይፈርስበትም። የሚቆምበትንም ቦታ ያውቃል። "እስክበለጽግ" ያለ ሰው ግን የት ላይ ይቆማል?

አንድ ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። ትኩረት የሚባለው ነገር አንዳንዴ የዕውርነት ሌላ ስሙ ይሆናል። በ2004 ዓ.ም. መቱ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ሲጀምር ከተማዪቱ የሚከራይ ክፍል የሚፈልግ መምህርና ሠራተኛ አገኘች። ይህ ለአከራይ ሪዝቅ ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን የሚቀጥለውን ክፍል ለመጨረስ ሲባል በዓመት ሁለት ጊዜ ኪራይ የሚጨምር፣ የሚያፈሰውን ጣሪያ "በጋ ይምጣ" እያለ ሦስት ክረምት የሚያሳልፍ አከራይ በየከተማው አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የውሉ ዘመን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ የቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ የደነገገው አለምክንያት አይደለም። አላህን የሚፈራ አከራይ ይህን ለማድረግ አዋጅ ባልጠበቀም ነበር። ዓይኑ በሦስተኛው ክፍል መሠረት ላይ የተተከለ ሰው በሁለተኛው ክፍል ውስጥ ልጅ ታቅፋ ባልዲ የምትደቅነውን እናት አያያትም። ጎበዝ ሠራተኛ ሊባል ይችላል፤ ቤቱን ለማን እንደሠራ ግን ረስቷል።

እናም የዘካ ሒሳብ የሚያሰላበት ቀን ሲደርስ ባለቤቱ ደብተሩን ከመክፈቱ በፊት ቤቱን ይዙር። ለሽያጭ ነው ካለ ገማች ይጥራ። ለኪራይ ነው ካለ የዓመቱን ኪራይ ይደምር፤ ጣሪያውንም ቀና ብሎ ይይ። ለልጆቼ ነው ካለ ደግሞ ልጆቹ ስንት ዓመት እንደሆናቸው ይጠይቅ።