ስለ ቅዱሳት ሥዕላት፤ ከቍስጥንጥንያ እስከ ጣና

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በመራዊ ዙሪያ ካሉት አጥቢያዎች በአንዱ የመቅደሱ ግድግዳ ከአያቶቻችን ዘመን ጀምሮ ሥዕል ለብሶ ይኖር ነበር። ሥዕሉ በአቡጀዲ ላይ ተሥሎ በጭቃው ግድግዳ የተለጠፈ ሲሆን፥ የጧፍ ጢስ አጥቍሮት፥ ጣራውም አፍስሶበት ስለ ነበር፥ ቤተ ክርስቲያኑ በታደሰ ጊዜ «ይህ አሮጌ ሥዕል ምን ይሁን» ተብሎ ምክር ተጠየቀ። ከተጠየቁትም ካህናት አንዱ እኛ ነበርን። ዓይኑ ከመጠን በላይ መተለቁን፥ የአካሉም ልክ ከተፈጥሮ ሰው መራቁን አይተን፥ ሥራው የአላዋቂ ነውና ይነሣ አልን። አሮጌው ተገፎ ወረደ፤ በእርሱም ፈንታ ከከተማ የተገዛ፥ በማተሚያ የታተመ፥ መልኩ የፈረንጅ ወይዛዝርትን የሚመስል ሥዕል ተሰቀለ። ሕዝቡም በአዲስነቱ ደስ ተሰኘ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን አንዲት ባልቴት ከቅዳሴ በኋላ ቀርበው፥ «አባቴ፥ የቀድሞዋ እመቤቴ ታየኝ ነበር፤ ይህችኛዋ ግን ወደ ሌላ ነው የምትመለከተው» አሉን። መልስ አጣን።

የእኚህ እናት ቃል ዕረፍት ስለ ነሣን፥ የቅዱሳን ሥዕል ስለ ምን ፊት ለፊት ይመለከታል፥ ዓይኑስ ስለ ምን ይተልቃል ብለን መመርመር ጀመርን። በቅኔ ቤትና በትርጓሜ ቤት ሳለን የቃሉን ምሥጢር እንጂ የቀለሙን ምሥጢር ያስተማረን አልነበረም። ምርመራውም ከጣና ደሴቶች ተነሥቶ ወደ ደብረ ሲና፥ ከዚያም ወደ ቍስጥንጥንያ ወሰደን።

ዛሬ የታሪክ ጸሐፊዎች ቢዛንታይን የሚሏቸው ሰዎች ራሳቸውን ሮማውያን ይሉ ነበር፤ አባቶቻችንም «ሰብአ ሮም» ይሏቸዋል። ከተማቸው ቍስጥንጥንያ በንጉሥ ቈስጠንጢኖስ እጅ በ330 ዓ.ም. ተመርቃ (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን) እስከ 1453 ዓ.ም. ድረስ የክርስቲያን ነገሥታት መቀመጫ ሆና ኖረች። በንጉሥ ዮስጢንያኖስ ዘመን ከ532 እስከ 537 ዓ.ም. የተሠራው የቅድስት ሶፍያ ቤተ ክርስቲያን ጕልላቱ ከዳር እስከ ዳር 31 ሜትር ያህል ነው። ይህ ጕልላት በ558 ዓ.ም. ወድቆ እንደ ገና ተሠርቷል። ቤቱ በ1453 ዓ.ም. መስጊድ፥ በ1930ዎቹ ሙዚየም፥ በ2020 ዓ.ም. ዳግመኛ መስጊድ ሆነ፤ በግድግዳው ያሉት የክርስቶስና የእመቤታችን ሥዕላት ግን በብዙ ሺህ ጥቃቅን ባለቀለም ድንጋይና መስታወት እየተገጣጠሙ የተሠሩ በመሆናቸው ብዙ ጥፋት ቢደርስባቸውም የቀሩት እስከ ዛሬ ይታያሉ።

አንዳንድ ወንድሞች ግን «እነዚህ የኬልቄዶን ሰዎች፥ ቅዱስ ዲዮስቆሮስን ያሳደዱ አይደሉምን? ከእነርሱ ምን እንማራለን?» ይሉናል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። በ451 ዓ.ም. የተደረገው ጉባኤ ያመጣው መለያየት በቃላት ማለስለሻ የሚሸፈን አይደለም፤ የሊቀ ጳጳሳቱም ስደት እውነት ነው። ነገር ግን የምንቀበላቸው ሦስቱ ጉባኤያት፥ ኒቅያም ቍስጥንጥንያም ኤፌሶንም፥ የተደረጉት በዚያው አገር ነው። በቅዳሴው የምናከብረው ዮሐንስ አፈ ወርቅ የቍስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳሳት ነበር። ዘጠኙ ቅዱሳንም ከዚያ መንግሥት ግዛት ተነሥተው ወደ አክሱም የመጡ ናቸው። ያሳደዳቸው ሮም ቢሆን፥ በልባቸውና በእጃቸው ይዘውት የመጡት ጥበብም ከዚያው ነበር። በዮስጢንያኖስ ቤት ውስጥ እንኳ ንግሥቲቱ ቴዎዶራ የተሰደዱትን መነኮሳት በቤተ መንግሥት አጠገብ አስጠግታ ትመግብ ነበር። ዐፄ ካሌብ ደግሞ በ525 ዓ.ም. ገደማ ስለ ናግራን ሰማዕታት ባሕር ሲሻገር፥ የኬልቄዶንን ጉባኤ ከተቀበለው ከንጉሥ ዮስጢኖስ ጋር ተላልኮ ነው። ካሌብ ሃይማኖቱን አልለወጠም፤ ደግን ነገር ከማንም ጋር ለመሥራት ግን አልሰነፈም።

ከዓድዋ አጠገብ በእንዳ አባ ገሪማ ገዳም ያለውን ወንጌል ያየ ሰው ይህን በዓይኑ ይረዳዋል። አባ ገሪማ በአንድ ቀን ጻፉት የሚለው ትውፊት በገዳሙ የታወቀ ነው። የዘመናችን ሊቃውንት ብራናውን መርምረው ዕድሜው ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደሚውል አስረድተዋል። በዚያ ወንጌል ወንጌላውያኑ ቆመውና ተቀምጠው፥ ዓይናቸው ተልቆ፥ የአውሳብዮስ ዘቂሳርያ የወንጌላት ማስማሚያ ሠንጠረዥም በአዕማድና በቅስት ተከቦ ይታያል። ጽሕፈቱ ግእዝ ነው፤ የሥዕሉ ወዝ የምሥራቅ ሮም ነው። እኛ አላዋቂነት ያልነው የዓይን መተለቅ፥ እንግዲህ፥ ከዐሥራ አራት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ትምህርት ሆኖ ተገኘ።

ትምህርቱም ይህ ነው። ቅዱስ ሥዕል የሥጋን መልክ ለመገልበጥ አይሣልም። ቢዛንታውያን ሠዓልያን ቅዱሱን በወርቅ መደብ ላይ ሲያቆሙት ጥላ አያደርጉለትም፤ ብርሃኑ ከአንድ መስኮት የሚገባ፥ ከምሽት በፊት የሚያልፍ አይደለምና። ፊቱን ወደ እኛ የሚያዞሩት የሚጸልይ ሰው በፊቱ እንዲቆም ነው። ቅዱስ ባስልዮስም ለሥዕሉ የሚሰጠው ክብር ወደ ባለ ሥዕሉ እንደሚያልፍ አስተምሯል። የእኛ ሠዓልያን ወርቁን ባያገኙ በብጫና በቀይ ተኩት፤ ደግሞም ከእነርሱ አስፍተው ጻድቁን በሁለት ዓይን፥ ከሐዲውን በጎን አዙረው በአንድ ዓይን የመሣልን ሥርዓት አጸኑ። በኋለኛው ዘመን ሥዕሎቻችን የንጉሥ ወታደር ጠመንጃ ታጥቆ፥ ሴቲቱ ሸማ ለብሳ የምትታየው ሠዓሊው የመንደሩን ሰው ስለ ጨመረበት ነው እንጂ፥ ሥርዓቱን ስለ ጣለ አይደለም።

በቍስጥንጥንያም ሥዕል ያለ መከራ አልኖረም። በ8ኛውና በ9ኛው መቶ ዓመት ነገሥታቱ ራሳቸው ሥዕልን ጣዖት ነው ብለው አስፋቁ፤ አቃጠሉም። ይህም መከራ በመካከሉ ጥቂት ጋብ ቢልም፥ ፈጽሞ የቆመው በ843 ዓ.ም. ነበር። ዮሐንስ ዘደማስቆ በዚያ ዘመን ለሥዕል ተሟግቶ የጻፈው በእስላም መንግሥት ሥር ሆኖ ስለ ነበር የንጉሡ እጅ አልደረሰበትም። ቤተ ክርስቲያናችን በ787 ዓ.ም. ስለዚህ ነገር የተደረገውን ጉባኤ ከጉባኤያቷ ጋር አትቈጥርም። ለሥዕል የምትሰግደው የዚያን ጉባኤ ፍርድ ጠብቃ ሳይሆን ከዚያ አስቀድሞ ከአባቶች በተቀበለችው ነው፤ በታቦቱ ላይ ኪሩቤልን እንዲሠራ ሙሴን ያዘዘው ማን እንደ ሆነ ታውቃለችና።

በዚያ የማቃጠል ዘመን ከዳኑት ጥንታውያን ሥዕላት ዋነኞቹ ዛሬ በደብረ ሲና ገዳም ይገኛሉ። በ6ኛው መቶ ዓመት በሰም ቀለም የተሣለው የጌታችን ሥዕል እዚያ ነው። ገዳሙ በበረሃ ስለ ነበር፥ አገሩም ከንጉሡ ግዛት ስለ ወጣ፥ አጥፊው አልደረሰም። ይህን ስናነብ ደሴቶቻችን ትዝ አሉን። በ16ኛው መቶ ዓመት በግራኝ አሕመድ ጦርነት ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲቃጠሉ፥ የጣና ውኃ ለመጻሕፍትና ለሥዕላት መሸሸጊያ ሆነ። በደጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን መነኵሴ ፍሬ ጽዮን ስሙን የጻፈበት የእመቤታችን ሥዕል እስከ ዛሬ አለ። ዘርዐ ያዕቆብ ከ1434 እስከ 1468 ዓ.ም. የነገሠ ነውና፥ ቍስጥንጥንያ ስትወድቅ በኢትዮጵያ የእመቤታችን ሥዕል እየበዛ ነበር።

በአብያተ ክርስቲያናችን የተለመደችው፥ ልጇን በክንዷ ይዛ እጆቿን ያመሳቀለችው ሥዕል ከሮም ከተማ ከቅድስት ማርያም ዐቢይ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተወሰደች ናት። ኢየሱሳውያን ቅጂዋን ወደ አገራችን አመጡ። የኢየሱሳውያንን ትምህርት ሕዝቡ በደሙ መለሰው፤ ሥዕሏን ግን አልመለሳትም። ስለ ምን? የሥዕሏ አባት ምሥራቃዊ ስለ ነበር፥ አባቶቻችን ዘመዳቸውን ለዩ ብለን እናምናለን። በእጇ ያለውን መሐረብ አንዳንድ ምእመናን የዕንባ መጥረጊያ ነው ሲሉ ሰምተናል፤ በጥንት ሮማውያን ዘንድ ግን መሐረብ የታላላቅ ሹማምንትና የነገሥታት ምልክት ነበር። ንግሥት ስለ ሆነች ያዘችው።

በዘጌ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሄደን የመቅደሱን ዙሪያ የሸፈነውን ሥዕል ባየን ጊዜ፥ በመራዊ አጠገብ ያስወረድነውን ዐሰብን። በሮቹን ሰይፍ መዝዘው የሚጠብቁት መላእክት ዓይናቸው የታወቀ ዓይን ነበር። እኛ ከቅኔ ማኅሌቱ ገብተን እስክንወጣ ተከተሉን።

ተመልሰን የዚያን አጥቢያ ገበዝ፥ «ያ የወረደው ምን ሆነ?» ብለን ጠየቅናቸው። ከዕቃ ቤቱ ጥግ፥ ከተሰበረ ከበሮ በስተኋላ፥ የተጠቀለለ አቡጀዲ አወጡ። ግማሹን ምስጥ በልቶታል። የቀረውን በዐደባባዩ ጥላ ሥር ቀስ ብለን ስንዘረጋው የቅዱስ ሚካኤል ግንባርና ሁለቱ ዓይኖች ደኅና ነበሩ። ገበዙ በንጹሕ ነጠላ ጠቅልለው፥ ከመሬት ከፍ አድርገው፥ ውኃና ምስጥ በማይደርስበት ሣጥን አኖሩት፤ ለቀጣዩ የሚካኤል በዓልም ያችን ባልቴት እንዲጠሯቸው ለመንናቸው።