«አንዲት ብቻ»

ሲጋራ ለመተው ቆርጦ የተነሣ ሠራተኛ በሳምንቱ ተመልሶ ሲያጨስ ብናየው «ድሮስ ምን ወኔ አለው!» ለማለት እንቸኩላለን። ይሁን እንጂ ኒኮቲን ከሳንባ ተነሥቶ አንጎል ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ በሰኮንድ የሚቆጠር ነው፤ ሲቋረጥም ብስጭቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱና የሐሳብ መበተኑ እጅግ የሚበረቱት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ብዙዎች የሚሸነፉትም ያን ጊዜ ነው። ፈላስፋው አርስቶትል ለኒቆማኮስ በተሰየመው የሥነ ምግባር ድርሰቱ 7ኛ ክፍል፣ መልካሙን እያወቀ በምኞቱ የሚረታውን ሰው ክፉውን መርጦ ከሚኖረው ለይቶታል፤ የፊተኛው ይጸጸታልና።

ታዲያ በዕረፍት ሰዓት «አንዲት ብቻ፤ አንዲት ምን ታደርጋለች?» እያለ ሲጋራ የሚዘረጋለትን ባልደረባ ምን እንበለው? እርሱም ሱሰኛ ነው ይባል ይሆናል። ሱሱ ግን ራሱ እንዲያጨስ እንጂ ለሌላው እንዲሰጥ አያዝዘውም። የተቀባዩ ፈቃድ በሱስ ታስሯል፤ የሰጪው ነጻነት ሰፊ ነውና ኃላፊነቱም የዚያኑ ያህል ይከብዳል ብለን እናምናለን። ያለውን ማካፈል በአገራችን የሚያስመሰግን ጠባይ ስለ ሆነ ደግሞ እንቢ ማለት እንደ ንቀት ይቈጠራል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 በሥራ ቦታ ቤት ውስጥ ማጨስን ከልክሏል። አጫሾቹ ግን ደጅ ወጥተው ይጨዋወታሉ። ሲጋራ የተወው ሠራተኛ ወይ ብቻውን ውስጥ ይቀራል፣ ወይ ከጢሱ መካከል ይቆማል፤ ከሲጋራው ጋር ወዳጆቹንም እንዲተው የተፈረደበት ይመስላል። ከእነርሱ አንዱ ለዐሥር ደቂቃ ሲጋራውን አቆይቶ ከእርሱ ጋር ሻይ ቢጠጣ ምን ይጎድልበታል?