የቄሣር ገንዘብ፣ የእግዚአብሔር ሰው

በሶሎሎ የምንኖር እኛ በአንድ እጃችን ሽልንግ፣ በሌላው ብር እንይዛለን። ጌታችን ስለ ግብር በተጠየቀ ጊዜ ዲናር አስመጣ፤ የቄሣር መልክ ያለበትንም ለቄሣር ተወ። በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረውን ሰው ግን ለማንም ንጉሥ አልሰጠም።

እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 231 የማንም ግለሰብ ምስል በገንዘብ ላይ እንዳይወጣ ከልክሏል፤ በአንቀጽ 8ም የመንግሥት ሃይማኖት እንዳይኖር ደንግጓል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ለይቷል።

ታዲያ መለየት ማለት ዝም ማለት ነውን? አይደለም። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዙፋን አልተመኙም፤ ቤተ ክርስቲያን የደርግ መሣሪያ እንድትሆን ግን አልፈቀዱም። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተገደሉ።

እኛስ? በምርጫ ሰሞን ስጦታ ይዞ ለሚመጣ እጩ መስበኪያችንን ብንለቅለት፣ ነገ ድሀ ሲበደል በምን አፋችን እንገሥጸዋለን? እንግዲህ ግብራችንን በታማኝነት እንክፈል፤ ለገዥዎችም እንጸልይ። ቃሉን ግን አንሽጥ። ገንዘብ ድንበር ሲሻገር ይለወጣል፤ በሰው ላይ ያለው መልክ ግን በሁለቱም ወገን አንድ ነው።